የተዋሱትን ተጫዋች በባለቤቱ ላይ ማሰለፍ፦ በታላላቅ ክለቦች መካከል ስለሚደረግ የተጫዋቾች ውሰት



ለዛሬው ንግግር የመረጥሁት ርእስ ከሕግ ትምህርት ቤት አዳራሽ ይልቅ ለሻይ ቤት ክርክር የሚስማማ መስሎ ሊታይ ይችላል። ሆኖም አብዛኞቻችሁ በየሳምንቱ መጨረሻ የእንግሊዝን ፕሪሚየር ሊግ እንደምትከታተሉ ስለማውቅ፣ የጥቅም ግጭት፣ የውል ነጻነትና የውድድር ፍትሐዊነት ፊት ለፊት የሚገጥሙበትን ስፍራ ለማሳየት ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አላገኘሁም። ጥያቄው ይህ ነው፤ አንድ ታላቅ ክለብ የራሱን ተጫዋች ከእርሱ ጋር ለሚወዳደር ሌላ ታላቅ ክለብ በውሰት እንዲሰጥ ሊፈቀድለት ይገባልን? መልሴን አስቀድሜ ልናገር። በአንድ ሊግ ውስጥ በሚወዳደሩ ክለቦች መካከል፣ ለጎለመሱ ተጫዋቾች፣ ሊፈቀድ አይገባም እላለሁ። ለምን እንዲህ እንደምል ግን ጥቂት ማብራራት ይኖርብኛል፤ የተቃራኒው ወገን ክርክርም በቀላሉ የሚጣል አይደለም። የምጠቅሳቸው የጨዋታ ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከቃሉ እንነሣ። አማርኛ ብድርንና ውሰትን ለይቶ ያውቃል። ጎረቤት አንድ ቁና ጤፍ ቢበደር የሚመልሰው ያችኑ ጤፍ አይደለም፤ አቻዋን ነው። ወንፊት ወይም ድስት ቢዋስ ግን ያንኑ ወንፊት፣ ያንኑ ድስት ይመልሳል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ሁለቱን በተለያየ ስፍራ ደንግጓቸዋል። የስፖርት ጋዜጠኞቻችን ለተጫዋች «ብድር» ሳይሆን «ውሰት» የሚለውን መምረጣቸው እንግዲህ ትክክል ነው፤ የሚመለሰው ያው ሰው ነውና። ነገር ግን ንጽጽሩ እዚህ ላይ ያበቃል። ድስት የማን ድግስ እንደሚሠራበት ግድ የለውም። ተጫዋች ግን ግድ አለው፤ ደመወዙን ማን እንደሚከፍለው፣ በሚቀጥለው ዓመት ወዴት እንደሚመለስ፣ ማን እንደሚያሰልጥነው ያስባል። ስለዚህ በሕግ ዓይን የተጫዋች ውሰት የዕቃ ውል አይደለም። ከመጀመሪያው ክለብ ጋር ያለው የሥራ ውል ሳይፈርስ ለጊዜው ታግዶ፣ ከሁለተኛው ክለብ ጋር አዲስ የሥራ ውል የሚቆምበት፣ የሦስት ወገኖች ፈቃድ የሚጠይቅ ግንኙነት ነው። ዋናው ቁም ነገርም በዚያ «ሳይፈርስ» በሚለው ቃል ውስጥ አለ። ተጫዋቹ ለአንዱ እየተሰለፈ የሌላው ሠራተኛ ሆኖ ይቆያል።

ይህ ሁኔታ በእንግሊዝ ጎልቶ የታየው በፌብሩዋሪ 29 ቀን 2004 ነው። ኮንጓዊው አጥቂ ሎማና ሉአሉአ ከኒውካስል ዩናይትድ ወደ ፖርትስመዝ በውሰት በሄደ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ በ89ኛው ደቂቃ በገዛ ባለቤቱ ክለብ ላይ አስቆጥሮ ጨዋታውን 1 ለ 1 አደረገው። በዚያ ግብ ውስጥ ምንም ነውር አልነበረም፤ እንዲያውም ሰውየው የተቀጠረበትን ሥራ በሚገባ ሠራ። ኒውካስል ግን ደመወዝተኛው ነጥብ አሳጣው። ከዚያ ወዲህ በፕሪሚየር ሊጉ በውሰት የሄደ ተጫዋች በባለቤቱ ክለብ ላይ መሰለፍ ተከለከለ። አንድ ክለብ ከሌሎች የሊጉ ክለቦች በአንድ ጊዜ ከሁለት በላይ፣ ከአንድ ክለብ ደግሞ ከአንድ በላይ ተጫዋች በውሰት ማስመዝገብ እንዳይችልም ተደነገገ።

ክልከላው ሲታይ ብልህነት ይመስላል። ተጫዋቹ በአሠሪው ላይ ቢያስቆጥር አሠሪው ይከፋል፤ ቢስት ደግሞ ሕዝቡ ይጠረጥረዋል፤ እንግዲህ ከሁለቱም ይዳን ተባለ። እኔ ግን ይህ መድኃኒት ከበሽታው ይብሳል ባይ ነኝ። በሽታው ጥርጣሬ ነበር፤ መድኃኒቱ ግን አድልዎን በደንብ አጽንቶ አስቀመጠው። ሃያ ክለቦች ባሉት ሊግ እያንዳንዱ ቡድን 38 ጨዋታ ያደርጋል። ተዋሹ ክለብ በ36ቱ ሙሉ ኃይሉን ይዞ ይወጣል፤ በሁለቱ ግን፣ ያውም ከባለቤቱ ጋር ሲጋጠም፣ ያለ ዋና ተጫዋቹ ይወጣል። ባለቤቱ ክለብ ተቀናቃኞቹን የሚያደክም መሣሪያ አውሶ፣ መሣሪያው በእርሱ ላይ እንዳይዞር አረጋገጠ ማለት ነው።

ይህን በአንድ ታሪክ ላሳያችሁ፤ የሊጉን ዋንጫ የሚነካ ስለሆነ ጥቂት እቆይበታለሁ። በኦገስት 2011 ማንቸስተር ሲቲ ቶጓዊውን አጥቂ ኢማኑኤል አዴባዮርን ለቶተንሃም ሆትስፐር አዋሰ። አዴባዮር በዚያ የውድድር ዓመት በሊጉ 17 ግብ አስቆጠረ። በጃንዩዋሪ 22 ቀን 2012 ቶተንሃም ወደ ማንቸስተር ተጓዘ፤ በዚያ ዕለት ከሲቲ በነጥብ ብዙ ያልራቀ፣ ዋንጫን የሚያልም ቡድን ነበር። ሲቲ 2 ለ 0 መራ፤ ቶተንሃም በጀርሜን ዴፎና በጋሬዝ ቤል ግቦች 2 ለ 2 አደረገ። በጭማሪው ሰዓት ዴፎ በግቡ አፋፍ ላይ ተንሸራቶ ኳሷን በጣት ስፋት ሳታት። ወዲያው ማሪዮ ባሎቴሊ በፍጹም ቅጣት ምት 3 ለ 2 አደረጋት። አዴባዮር ጤነኛ ቢሆንም ሊሰለፍ አይችልም ነበር። በማርች ወር ቶተንሃም የሲቲን ዋና ተቀናቃኝ ማንቸስተር ዩናይትድን ሲገጥም ግን ተሰልፏል። ዩናይትድ ያንን ጨዋታ 3 ለ 1 አሸነፈ፤ ስለዚህ «አዴባዮር ዋንጫውን ለሲቲ አመጣ» ብሎ መናገር አይቻልም፤ እኔም አልልም። ነገር ግን የውድድር ዓመቱ መጨረሻ ምን ነበር? ሲቲና ዩናይትድ እኩል 89 ነጥብ ይዘው ጨረሱ፤ ሲቲ ሻምፒዮን የሆነው በግብ ልዩነት ብቻ፣ 64 ለ 56 በልጦ ነው። እንዲህ በጠበበ ውድድር ውስጥ ከሁለቱ ተፎካካሪዎች አንዱ ሙሉውን ቶተንሃም ሲገጥም ሌላኛው የጎደለውን መግጠሙ፣ ውጤቱን ለወጠውም አልለወጠው፣ እኩል ሚዛን አይደለም። የሕግ ተማሪ ሊረዳው የሚገባ ነገር ይህ ነው፤ ዳኛ ጉቦ መቀበሉ ባይረጋገጥም የአንዱ ተከራካሪ ዘመድ ከሆነ ችሎቱን ይለቃል።

የሮሜሉ ሉካኩም ጉዳይ ከዚህ አይለይም። በ2013/14 ቼልሲ ለኤቨርተን አዋሰው። ሉካኩ በኖቬምበር ከሊቨርፑል ጋር 3 ለ 3 በተጠናቀቀው ጨዋታ ሁለት ግብ አስቆጠረ፤ በኤፕሪል ኤቨርተን አርሰናልን 3 ለ 0 ሲረታም አንዷ የእርሱ ነበረች። ሁለቱም የቼልሲ ተፎካካሪዎች ናቸው። ኤቨርተን በፌብሩዋሪ ወደ ስታምፎርድ ብሪጅ ሲሄድ ግን ሉካኩ ተመልካች ሆነ፤ ቼልሲ በጭማሪው ሰዓት ባገኘው ግብ 1 ለ 0 አሸነፈ። ቼልሲ በዚያ ዓመት ዋንጫውን አለመውሰዱ የክርክሬን ክብደት አይቀንሰውም፤ ክርክሬ ስለ ደንቡ እንጂ ስለ ዕድል አይደለምና።

አሁን ከእንግሊዝ ወደ አውሮፓ መድረክ እንሻገር፤ እዚያ ተመሳሳዩ ፍርሃት ፍጹም ተቃራኒ መልስ አግኝቷል። ቼልሲ በ2011 ወጣቱን ግብ ጠባቂ ቲቦ ኩርቱዋን ከቤልጅየሙ ጌንክ ገዝቶ ወዲያው ለአትሌቲኮ ማድሪድ አዋሰው። ኩርቱዋ ሦስት ዓመት በማድሪድ ቆይቶ ከዓለም ምርጦች አንዱ ለመሆን በቃ። በኤፕሪል 2014 የቻምፒየንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ ዕጣ ሲወጣ ግን አትሌቲኮና ቼልሲ ተገናኙ። በውሰት ውሉ ውስጥ አትሌቲኮ ኩርቱዋን በቼልሲ ላይ ካሰለፈ ለእያንዳንዱ ጨዋታ ገንዘብ እንዲከፍል የሚያስገድድ ሐረግ እንዳለ፣ መጠኑም በሚሊዮን ዩሮ የሚቆጠር እንደሆነ በሰፊው ተዘገበ። የአትሌቲኮ ፕሬዚዳንት ኤንሪኬ ሴሬሶ ክለባቸው ያንን ያህል ሊከፍል እንደማይችል በይፋ ተናገሩ።

የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበራት ኅብረት፣ ማለትም ዩኤፋ፣ ዕጣው በወጣበት ሰሞን መግለጫ አወጣ። አንድ ክለብ ሌላው ክለብ ማንን እንደሚያሰልፍ ተጽዕኖ እንዲያደርግ የሚያስችል የግል ውል ሐረግ በዩኤፋ ዘንድ ዋጋ እንደሌለው፣ ሊፈጸምም እንደማይችል አስታወቀ። ተማሪዎቼ ሐረጉን በጥንቃቄ እንዲያነቡት እመክራለሁ፤ «በዩኤፋ ዘንድ» ነው የተባለው። ዩኤፋ ፍርድ ቤት አይደለም፤ በሁለት ክለቦች መካከል የተፈረመን ውል በስፔን ወይም በእንግሊዝ ሕግ ፊት ሊያፈርሰው አይችልም። ያደረገው፣ ሐረጉን ለማስፈጸም የሚሞክር ክለብ በውድድሩ የሥነ ሥርዓት ደንብ እንደሚጠየቅ ማስጠንቀቅ ነው። ይህም በቂ ሆነ። ኩርቱዋ በሁለቱም ጨዋታ ተሰለፈ። ማድሪድ ላይ 0 ለ 0 ተለያዩ፤ ለንደን ላይ አትሌቲኮ 3 ለ 1 አሸንፎ ለፍጻሜ አለፈ። ቼልሲ በራሱ ግብ ጠባቂ ተሸኘ።

ኩርቱዋ ብቸኛው አይደለም። በ2004 ፈርናንዶ ሞሪየንቴስ ከሪያል ማድሪድ ወደ ሞናኮ ተውሶ ሳለ በሩብ ፍጻሜው በሁለቱም ጨዋታ በሪያል ላይ አስቆጠረ፤ ድምር ውጤቱ 5 ለ 5 ሆኖ ሞናኮ ከሜዳው ውጭ ባገባቸው ግቦች አለፈ። በኦገስት 2020 ደግሞ ባየርን ሙኒክ ባርሴሎናን በሊዝበን 8 ለ 2 ሲረመርም፣ ከባርሴሎና የተዋሰው ፊሊፔ ኩቲንሆ ተቀይሮ ገብቶ ሁለት ግብ አስቆጠረ። ባርሴሎናን የሚወድ ሰው ያን ምሽት ለማስታወስ አይፈልግም፤ ነገር ግን በውጤቱ ላይ አንዳች የጥርጣሬ ጥላ አላረፈም። ጥርጣሬ የሚወገደው ተጫዋቹን በማስቀመጥ ሳይሆን በነጻነት በማሰለፍ መሆኑን እነዚህ ሦስት ታሪኮች ያስረዱኛል።

እዚህ ላይ አንድ ብልህ ተከራካሪ «እንግዲያውስ የዩኤፋን መልስ ወደ ሊጉ አምጣና ነገሩ ይለቅ፤ ውሰቱን ለምን ትከለክላለህ?» ሊለኝ ይችላል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ልዩነቱ ያለው በውድድሩ ዓይነት ላይ ነው። በቻምፒየንስ ሊግ ሁለቱ ክለቦች መገናኘታቸው የዕጣ ጉዳይ ነው፤ ውሰቱ ሲፈረም ማንም አያውቀውም። በሊግ ግን መገናኘታቸው ርግጥ ነው፤ ቀኑ ሳይቀር አስቀድሞ ይታወቃል። ከዚህም በላይ በሊግ ውስጥ ያለው ጥቅም በሁለቱ ጨዋታ አይወሰንም። ባለቤቱ ክለብ ተጫዋቹን የሚያውሰው ለማን እንደሆነ ይመርጣል፤ በሠንጠረዡ ላይ ለሚያሰጋው ሳይሆን የሚያሰጉትን ለሚያደክምለት ይሰጣል። ደመወዙንም ከፊሉን እየከፈለ ሊያውስ ይችላል። ያን ጊዜ አንዱ ተወዳዳሪ የሌላውን ተወዳዳሪ ቡድን በገንዘቡ ያቆማል ማለት ነው። በሌላ ገበያ ቢሆን የውድድር ሕግ መምህሮቻችን ይህን ዝም ብለው አያልፉትም ነበር።

ውሰት የሽያጭ ጭምብል የሚሆንበትም ጊዜ አለ። በኦገስት 2017 ኪሊያን ምባፔ ከፈረንሳዩ ሻምፒዮን ከሞናኮ ወደ ዋና ተቀናቃኙ ወደ ፓሪስ ሴንት ዠርሜን የሄደው በስም በውሰት ነው። ፓሪስ በዚያው ክረምት ኔይማርን በ222 ሚሊዮን ዩሮ ስለገዛ፣ የምባፔን ዋጋ በዚያ ዓመት መዝገብ ላይ ማስፈር አልተመቸውም፤ ግዢው ወደ ቀጣዩ ዓመት ተሻገረ። በፈረንሳይ ክልከላው ስላልነበረ ምባፔ በዚያው ዓመት ሞናኮን በሞናኮ ሜዳ ገጠመ። ይህን «ውሰት» ብሎ መጥራት ለቃሉ ክብር አለመስጠት ይመስለኛል፤ ዋጋው በዱቤ የተከፈለ ሽያጭ ነው፤ እንደ ሽያጭም ሊመዘገብ ይገባል።

የተቃራኒው ወገን ትልቁ ክርክር የተጫዋቹ ነው፤ ከሁሉም የሚከብደኝም እርሱ ነው። የእግር ኳስ ዕድሜ አጭር ነው። አሰልጣኙ የማይፈልገው ተጫዋች ውሉ እስኪያልቅ ተቀምጦ ቢከርም ደመወዙ አይቀርበትም፤ እግሩ ግን ይዝላል። አዴባዮር ራሱ በሲቲ ቦታ ያልነበረው ሰው ነበር። ቶተንሃም ባይዋሰው ምን ይሆን ነበር? መልሴ ውሰት ሽያጭን ያዘገያል የሚል ነው። ሲቲ በጃንዩዋሪ 2011 ለሪያል ማድሪድ፣ ከዚያ ለቶተንሃም ካዋሰው በኋላ በ2012 ለዚያው ለቶተንሃም ሸጠው። ማዋስ ባይቻል ዋጋውን ዝቅ አድርጎ አስቀድሞ መሸጥ ይገደድ ነበር፤ ተጫዋቹም ሁለት ጌታ ባላገለገለ ነበር። በእርግጥ ሁልጊዜ እንዲህ ይሆናል ማለት አልችልም፤ ደመወዙን ዝቅ አድርጎ የሚገዛው ያጣ ተጫዋች ይኖራል። ይህ ሰው ግን ወደ ሌላ አገር ሊግ የሚወስደው መንገድ አልተዘጋበትም።

ለወጣቶች ያለው ነገር ግን ሌላ ነው። ሃሪ ኬን ከቶተንሃም ወደ ሌይተን ኦሪየንት፣ ወደ ሚልዎል፣ ወደ ኖርዊችና ወደ ሌስተር ተውሶ ነው የበሰለው። ከእነዚህ አብዛኞቹ ከቶተንሃም ጋር አይወዳደሩም ነበር፤ ልጁም ከሰው ፊት ተጫወተ። ይህን የሚነቅፍ ሰው አላጋጠመኝም። ችግሩ ይህ የማሠልጠኛ መንገድ ወደ ጎተራነት ሲለወጥ ነው። ቼልሲ በአንድ ወቅት ወደ አርባ የሚጠጉ ተጫዋቾችን በየአገሩ አውሶ ነበር። በፕሪሚየር ሊጉ አንድ ክለብ የሚያስመዘግባቸው ጎልማሳ ተጫዋቾች ቁጥር በ25 ሲወሰን፣ የተረፉት ወደ ውሰት ፈሰሱ።

ፊፋ ይህን ለመግታት ከጁላይ 2022 ጀምሮ ደንብ አውጥቷል። አንድ ክለብ ወደ ሌላ አገር የሚያውሳቸውና ከሌላ አገር የሚዋሳቸው ተጫዋቾች እያንዳንዳቸው በመጀመሪያ በ8፣ ቀጥሎ በ7፣ ከጁላይ 2024 ወዲህ ደግሞ በ6 ተወስነዋል። በሁለት ክለቦች መካከል ከሦስት አይበልጥም፤ ውሰቱ ከአንድ ዓመት አያልፍም፤ የተዋሱትንም መልሶ ለሌላ ማዋስ አይቻልም። ዕድሜያቸው 21 ወይም ከዚያ በታች የሆኑና ክለቡ ራሱ ያሳደጋቸው ከቁጥሩ ውጭ ናቸው። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ደንቡ የሚገድበው ብዛትን ነው፤ እኔ የማነሣው የጥቅም ግጭት በአንድ ተጫዋችም ይፈጠራል።

ግጭቱ እየከፋ የሄደው ደግሞ አንድ ባለቤት ብዙ ክለቦችን መያዝ ከጀመረ ወዲህ ነው። የሳዑዲ ዓረቢያ የሕዝብ ኢንቨስትመንት ፈንድ የኒውካስል ዋና ባለቤት ሳለ፣ በ2023 የአራት የሳዑዲ ታላላቅ ክለቦችን አብላጫ ድርሻ ያዘ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር የፕሪሚየር ሊግ ክለቦች በአንድ ባለቤት ሥር ካሉ ክለቦች ተጫዋች መዋስን ለጊዜው ለመከልከል ድምፅ ሰጡ። ከሃያው 14 ድምፅ ያስፈልግ ነበር፤ 13 ተገኘ። በአንድ ድምፅ ወደቀ። ድምፅ ሰጪዎቹ ራሳቸው የጉዳዩ ባለጥቅሞች መሆናቸውን ልብ በሉ፤ ደንብ አውጪውም ተዳዳሪውም አንድ በሆነበት ቤት ከዚህ የተሻለ ውጤት መጠበቅ ይከብዳል።

እንግዲህ እኔ የማቀርበው ይህን ነው። በአንድ ሊግ ውስጥ ዕድሜው ከ21 ያለፈ ተጫዋች አይዋስ፤ ይሸጥ ወይም ይቆይ። ለወጣቶች ይፈቀድ፤ ነገር ግን በባለቤቱ ላይ የመሰለፍ ነጻነቱ አይነካ፤ ባለቤቱም በውድድሩ አጋማሽ እንደፈለገ አይጥራው። ከአገር ውጭ የሚደረገው በቁጥር ተገድቦ ይቀጥል፤ የኩርቱዋ ዓይነት የቅጣት ሐረግ ግን በውሉ ላይ ሲገኝ ምዝገባው ይከልከል።

ይህ ሁሉ ቢሆንም ደንቤ የማይደርስበት አንድ ጉዳይ አለ። ግብ ጠባቂው ቲም ሃዋርድ በኤቨርተን የነበረው መጀመሪያ ከማንቸስተር ዩናይትድ በውሰት ነበር፤ በ2007 መጀመሪያ ላይ ዝውውሩ ቋሚ ሆነ። ከዚያ በኋላ የዩናይትድ ተጫዋች አልነበረም። በኤፕሪል 28 ቀን ዩናይትድ ለዋንጫ ሲገሰግስ ወደ ኤቨርተን ሜዳ መጣ፤ ሃዋርድ ግን አልተሰለፈም፤ በሁለቱ ክለቦች መካከል የቃል ስምምነት ነበረና። ኤቨርተን 2 ለ 0 ከመራ በኋላ፣ በተተኪው ግብ ጠባቂ ስሕተት ጭምር፣ 4 ለ 2 ተሸነፈ፤ ዩናይትድም ሻምፒዮን ሆነ። ውሰት አልነበረም፤ የተጻፈ ሐረግም አልነበረም። እንዲህ ያለውን የቃል ስምምነት ማን ያስረዳል፣ በምንስ ማስረጃ? በጥያቄና መልሱ ጊዜ የማስረጃ ሕግ ተማሪዎች ከዚህ ቢጀምሩልኝ ደስ ይለኛል።